ማብሪያው ወዴት ሄደ? የጆሮ ማዳመጫ አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ነገር ግን በየዕለቱ በእጃችን የምንይዛቸው ትናንሽ ዕቃዎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ያንን ታሪክ ማወቅ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለሥራም ይጠቅማል። በዚህ እትም የምናነሣው የገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫን፣ በተለይም ማብሪያ ቁልፍ የሌለውን ዓይነት ነው።

ለምን መረጥነው? ዕቃው በካምፓችን እየበዛ ነው። አንዱ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ይላክለታል፣ ሌላው ከገበያ ይገዛዋል፣ ለትምህርት ተብሎ በዕርዳታ የሚመጣም አለ። ታዲያ ሲያገላብጡት ምንም የሚጫን ነገር ስለሌለው ስንቱ «ይሄማ የሞተ ነው» ተብሎ ጥግ ተጥሏል! አብሮት የሚመጣው ወረቀት ቢኖርም ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ቋንቋውም ለብዙዎቻችን የራቀ ነው።

ነገሩ ዘፈን የማዳመጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት፣ ቀን ሥራ ውላ ማታ በስልኳ እንግሊዝኛ የምትማር እናት ድምፁን ከፍ ብታደርገው ልጅ ይነቃባታል፤ ዝቅ ብታደርገው ትምህርቱ አይሰማትም። ለእሷ ማዳመጫው ማለት ክፍሏ ማለት ነው፤ በሩን ዘግታ የምትማርበት። ስለዚህ ደኅናው ዕቃ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ሲጣል የሚጣለው ፕላስቲክ ብቻ አይደለም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገመዱ ሁለት ሥራ ነበረው

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራውን ያስመዘገበው በ1876 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ ፓሪስ ላይ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርዕይ ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የኦፔራ ቤቱን ሙዚቃ በስልክ ሽቦ አምጥቶ ለጎብኚዎች አሰማ። ሰዎች በሁለቱም ጆሯቸው አንዳንድ ማዳመጫ ለጥፈው ሩቅ ያለውን ዘፋኝ አጠገባቸው የቆመ ያህል ሰሙት። ሁለት ጆሮ በሁለት ድምፅ ማዳመጥ የተጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በራስ ላይ የሚጠለቀውን ማዳመጫ ለወግ ያበቃው ግን አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን ነው። ሰውዬው በዩታ ግዛት ይኖር ነበር። ማዳመጫውን የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በቤቱ ኩሽና ውስጥ ነበር። በ1910 ናሙናውን ለአሜሪካ የባሕር ኃይል ላከ። የባሕር ኃይሉ ሞክሮ ወደደውና መቶ እንዲሠራለት አዘዘ፤ ባልድዊን ግን ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ማድረስ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በ1958 ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ ለሙዚቃ የተዘጋጀ የስቴሪዮ ማዳመጫ አወጣ። በ1979 ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ ዎክማንን ለገበያ አቀረበና ሰው ሙዚቃውን ይዞ መንገድ ለመንገድ መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያው ዎክማን የማዳመጫ ቀዳዳው ሁለት ነበር። ሁለት ሰው አንድ ካሴት አብሮ እንዲሰማ ታስቦ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ተራው ባለ ገመድ ማዳመጫ ማብሪያ ኖሮት አያውቅም! ማንም ግን «ማብሪያው የታለ?» ብሎ አልጠየቀም። ለምን? ገመዱ ሁለት ሥራ ይሠራ ስለነበር ነው። አንደኛ፣ ማዳመጫውን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ከሬዲዮው ወይም ከስልኩ በገመዱ በኩል ይመጣል፤ የራሱ ባትሪ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ማዳመጫው የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚታወቀው በገመዱ ነው። የተሰካበትን ይሰማል፣ ከተነቀለ ዝም ይላል። መሰካት ማለት ማብራትም ማገናኘትም ነበር።

ገመዱ ሲቆረጥ

በ1994 ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሉንድ ከተማ በሚገኘው ክፍሉ ስልክን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ያለ ገመድ የሚያገናኝ አጭር ርቀት ሬዲዮ ማጥናት ጀመረ። በሥራው ላይ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ኔዘርላንዳዊው መሐንዲስ ያፕ ሃርትሰን ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ኢንቴልና ቶሺባ ማኅበር መሥርተው ይህን ሬዲዮ የጋራ አደረጉት። ብሉቱዝ የሚባለው እሱ ነው። ስሙ የተወሰደው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ቅጽል ስም ሲሆን ትርጉሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነው። ሃራልድ የተለያዩ ግዛቶችን በአንድ አገዛዝ ሥር አምጥቷል ይባልለታል፤ ብሉቱዝም የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃዎች እንዲያቀራርብ ታስቦ ስሙ ተሰጠው። ስልካችን ላይ የምናየው ምልክት የንጉሡ ስም መነሻ ፊደላት በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ጽሕፈት ተጣምረው የተሠራ ነው።

ብሉቱዝ እንዴት ይሠራል? የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። በዚህ መስመር ላይ ዋይፋይም ሌላም ብዙ ዕቃ ስለሚርመሰመስ አንድ ቦታ ቆሞ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ የተለመደው ብሉቱዝ መስመሩን 79 ቦታ ከፍሎ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ከሞገድ ሞገድ የመዝለሉ ሐሳብ ቀደም ያለ ነው። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር ሆና በ1942 ተመሳሳይ ዘዴ በአሜሪካ አስመዝግባለች።

እንግዲህ ስልኩና ማዳመጫው አብረው የሚዘሉ ከሆነ ቀድመው መስማማት አለባቸው። «በየትኛው ቅደም ተከተል ነው የምንዘለው? አንተ ማን ነህ? እኔስ ማን ነኝ?» መባባል አለባቸው። ይህ ስምምነት ማጣመር ይባላል። አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በየራሳቸው ማስታወሻ ላይ ይይዙታል። ቀደም ባሉት ዓመታት ለማጣመር ቁጥር ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አራት ዜሮ ነበር። በ2007 የወጣው 2.1ኛው የብሉቱዝ ዓይነት ይህን አቀለለው።

ስለዚህ ገመዱ ሲቆረጥ ሁለቱም ሥራዎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ኃይሉን የሚሰጥ ባትሪ ተተካ፤ ባትሪ ካለ ደግሞ እንዳያልቅ የሚያጠፋው ነገር ያስፈልጋል። ባለቤቱን የሚያሳውቅ ደግሞ ማጣመር ተተካ። ከዚህ ወዲህ ማብራት አንድ ነገር ነው፣ ማገናኘት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምናየው ችግር አብዛኛው የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

ማብሪያው ሙዳዩ ውስጥ ገባ

የመጀመሪያዎቹ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ቁልፍ ነበራቸው። ሁለቱ ጆሮ በገመድ ሳይያያዝ ለየብቻ ሲሠራ ግን ዕቃው የባቄላ ፍሬ አከለ። እንዲህ ያለው ዓይነት ከ2015 ወዲህ ገበያ ላይ መታየት ጀመረ። በ2016 አፕል ከአይፎን 7 ላይ የገመዱን ቀዳዳ አንሥቶ ኤርፖድስ የተባለውን ማዳመጫ ሲያወጣ ደግሞ ፋሽኑ ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ፋብሪካዎችም በየዋጋው ተከተሉ።

ባቄላ በምታክል ዕቃ ላይ ማብሪያ ማስቀመጥ ቦታ ይፈጃል፤ ባትሪዋም ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ትፈልጋለች። ስለዚህ ማደሪያ ሣጥን ተሠራላት። እኛ ሙዳይ ብንለው የሚያምርበት ነው፤ ክዳን አለው፣ ውድ ነገር ይቀመጥበታል። ሙዳዩ የራሱ ባትሪ አለው፤ ማዳመጫዎቹን ቻርጅ ያደርጋል፣ ያበራል፣ ያጠፋልም።

እንዴት ያውቃል? የሱቅ ፍሪጅ በሩ ሲከፈት መብራቱ እንደሚበራ ዓይነት ነው። በብዙዎቹ ሙዳዮች ክዳን ላይ ትንሽ ማግኔት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የማግኔትን መቅረብና መራቅ የሚያውቅ ጠቋሚ አለ። ይህ ጠቋሚ የሚሠራው አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል ገና ተማሪ ሳለ በ1879 ባገኘው የፊዚክስ ሕግ ነው። አዴር በፓሪስ ኦፔራ ከማሰማቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው! ከዚህም ሌላ ማዳመጫዋ ከሙዳዩ ወርቅማ ነጥቦች ስትነሣ ቻርጁ ይቋረጣል፤ በዚህም ከቤት መውጣቷን ታውቅና ትነቃለች። ስትመለስ ትተኛለች።

እንግዲህ ማብሪያው አልጠፋም። ክዳኑ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራ

አንደኛ፣ ኃይል ስጡት። ማዳመጫዎቹን በየጉድጓዳቸው አስገብታችሁ ሙዳዩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ቆዩ። አዲስ ከሆነ በማዳመጫውና በወርቅማ ነጥቦቹ መካከል የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ መኖሩን እዩና ንቀሉት። እሱ ካልተነሣ ቀኑን ሙሉ ቢሰካ አይሞላም። የቆየ ከሆነ ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የካምፕ አቧራ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሁለተኛ፣ ክዳኑን ክፈቱ፤ አንዳንዱ ዓይነት ከጉድጓዱ እስኪወጣም ይጠብቃል። ትንሽ መብራት ብልጭ ካለ ወይም ጆሮ ውስጥ ድምፅ ከተሰማ በርቷል ማለት ነው። ገና አልተገናኘም፤ በርቷል ብቻ።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ ላይ ብሉቱዝን ክፈቱና አዲስ ዕቃ እንዲፈልግ አድርጉ። የማዳመጫው ስም ሲመጣ ንኩትና አጣምር በሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የስልኩ ብሉቱዝ ክፍት ከሆነ ክዳኑን ስትከፍቱ ወይም ስታወጡት ራሱ ይገናኛል።

አራተኛ፣ ስሙ ካልመጣ አትደንግጡ። ሙዳዩን ከኋላም ከሥሩም እዩት፤ ቁልፍ ካለው ክዳኑ ክፍት ሆኖ ጥቂት ሰከንዶች ተጭናችሁ ያዙት። ከሌለው የማዳመጫውን ጀርባ በጣት ነክታችሁ ያዙት። ብዙ ዓይነቶች በዚህ ጊዜ መብራታቸውን ቶሎ ቶሎ እያርገበገቡ «ፈልጉኝ» ይላሉ። የሰከንዱ ቁጥርና የመብራቱ ቀለም እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

አምስተኛ፣ ዕቃው ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ የድሮውን ስልክ ያስታውሳል። የዚያ ሰው ስልክ ቅርብ ካለ ቀድሞ ከእሱ ጋር ይገናኛል፤ ለእናንተም አይታይም። የዚያን ስልክ ብሉቱዝ አዘጉና እንደገና ሞክሩ። በማዕከላት ብዙ ማዳመጫ ለብዙ ተማሪ ሲዳረስ የሚያስቸግረው ይህ ስለሆነ እያንዳንዱ ሙዳይ ላይ ቁጥር መጻፍ፣ ሲመለስም ከስልኩ ላይ ስሙን ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው።

ስድስተኛ፣ አንዱ ጆሮ ብቻ ከሰማ ሁለቱንም ወደ ሙዳዩ መልሱ፣ ከስልኩ ላይ ስሙን አጥፉ፣ ከዚያም እንደ አዲስ አጣምሩ። ለማጥፋት ሲፈለግ ደግሞ ወደ ሙዳዩ መልሶ ክዳኑን መግጠም ነው። ኪስ ውስጥ እንዲሁ ከተከተተ ባትሪው ሳይታወቅ ሊያልቅ ይችላል።

በራስ ላይ የሚጠለቀው ትልቁ ዓይነትም ውስጥ ማብሪያ የሌለው አለ። አፕል በ2020 ያወጣው ለምሳሌ ማቀፊያው ውስጥ ሲገባ በማግኔት ይተኛል፣ ሲወጣ ይነቃል። ሕጉ ያው ነው፤ ማደሪያውን እዩ።

ሁለት ምክር እንጨምር። ሁለት ተማሪዎች አንድ ጥንድ ብቻ ካላቸው አንዳንድ ጆሮ ተካፍለው ትምህርቱን መከታተል ይችላሉ፤ የዎክማኑ ሁለት ቀዳዳ ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። ግን በመሐል መጥረግ አይዘንጋ። ድምፁንም አታብዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት ሳይበልጥ ሲሆን ለሕፃናት 75 ዴሲቤል ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው ከጆሯችሁ የሚወጣውን ከሰማ በዝቷል ማለት ነው። የሚያብጥ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ባትሪ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው ንቀሉት፤ መልሳችሁም አትጠቀሙበት።

ውድ አንባቢያን፣ ጥግ የተጣለ ማዳመጫ በየቤታችሁ ካለ አውጡትና ሁለት ነገር ጠይቁ። ኃይል አግኝቷል ወይ? የማንን ስልክ ነው የሚያስታውሰው? የሁለቱ መልስ ሳይታወቅ «ሞቷል» አትበሉ፤ ለጠጋኝ ገንዘብም አትክፈሉ። የተሳካላችሁ ለጎረቤታችሁ አሳዩ፤ ማታ የሚማር ሰው ያለበትን ቤት ግን አስቀድሙ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።