ወፍ ዘራሽ ቡና፦ የደቡብ ምዕራብ ደን ችግኝ ታሪክ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቦንጋ እስከ ማሻ በተዘረጋው እርጥብ ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይዘራው ይበቅላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቅርንጫፉ ሳስቶ ግንዱ ቀጥኖ ወደ ብርሃን ይሳባል። ቀይ ፍሬውን ወፍና ጦጣ ይለቅሙታል፤ ሥጋውን በልተው ዘሩን ርቀው ይጥሉታል። ከእናት ዛፉ ግርጌ የረገፈውም ዝናብ ሲያገኝ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ይህ ማንም ያልዘራው ችግኝ ወፍ ዘራሽ ነው። የአካባቢው የቡና ልማት ከዚህ ችግኝ ተነሥቶ አደገ፤ የዓለም የቡና ሳይንስም ኋላ ዘር ፍለጋ የመጣው ወደዚሁ ደን ነው።

የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች፣ የሸኮና የማጃንግ ሕዝቦች ኑሮ በቡና ብቻ የቆመ አልነበረም። ጓሮው የእንሰትና የጎደሬ ነበር፤ ደኑ ደግሞ የማርና የቅመማ ቅመም፣ ኮረሪማውና ጢምዙ ሳይቀር። በሸካና በአጎራባቾቹ ኮቦ የሚባለው ልማዳዊ ይዞታ የደኑን ክፍል ለቤተሰብ ወይም ለጎሣ ይለያል። ባለ ኮቦው ቀፎውን የሚሰቅልበትን ዛፍ እንደሚያውቅ ሁሉ በይዞታው ውስጥ ያለውንም ቡና ያውቃል። ስለዚህ ደኑ ባለቤት የሌለው ዱር አልነበረም፤ ጠባቂና ወራሽ ነበረው። ከውጭ የመጡ ሹማምንትና ተመራማሪዎች ለረዥም ጊዜ ይህን አለማስተዋላቸው ብዙ ጉዳት አስከትሏል።

ቡናው ከደን ወደ ጓሮ የገባው በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ያለውን ይለቅማል እንጂ ዛፉን አይነካም። ቀጥሎ በቡናው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጥራል፤ ጥላው ከበዛ ከላይ ያሉትን ዛፎች ያሳሳል፤ ቡና በሌለበት ክፍተት ደግሞ ከሌላ ቦታ ወፍ ዘራሽ አንሥቶ ይተክላል። ከፊል የጫካ ቡና የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ችግኙ ከእንሰቱ አጠገብ ይተከላል። የጓሮው ቡና የሚፈለገው ለፍሬው ብቻ አይደለም፤ በቤንች፣ በሸካና በካፋ ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ጋር ተፈልቶ ጨሞ ሆኖ ይጠጣል። ለጨሞ የሚሆን ቡና ለቤቱ እመቤት እጅ መቅረብ አለበት።

ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም ጥንቃቄው ብዙ ነው። ቡና ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው። ችግኙ ካደገ በኋላ በግድ ሲመዘዝ ሥሩ ይበጠሳል፤ ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነም ሥሩ ይታጠፋል። ሥሩ የታጠፈ ቡና ለጊዜው ለምልሞ ይታይና ፍሬ በሚይዝበት ወቅት ይዳከማል። ስለዚህ ገና ትንሽ ሳለ፣ ምድሪቱ በዝናብ ርሳ፣ ከነአፈሩ ይነሣል። በጃፓን ከተራራ ላይ የዱር ጥድ እያነሡ በሸክላ ሳህን የሚያሳድጉ የቦንሳይ ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ለቀማ አላቸው፤ ዓላማቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። እነርሱ ዛፉ ድንክ ሆኖ እንዲኖር ዋናውን ሥር ሆን ብለው ያሳጥሩታል፤ ቡና ተካዩ ደግሞ ያንኑ ሥር ለማትረፍ ይደክማል።

ያረጀውን ቡና መጎንደል ሌላው የእንክብካቤ ዘዴ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቆረጣል። ከጉቶው ከሚፈነዱት ቀንበጦች ጠንካራዎቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ይተዋሉ፤ የቀሩት ይነቀላሉ። የተጎነደለው ቡና ለሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አይሰጥም፤ ሌላ ገቢ ለሌለው ገበሬ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው።

የአካባቢው ሥርዓት በእጅጉ የተናጋው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የአፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ የነበሩት የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት አሸንፎ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፈንጋዮች ዘመቻ ካፋንና የቤንችን አገር ክፉኛ አራቆተ፤ ሰው ያለማው መሬት ብዙው ተመልሶ ደን ዋጠው። ዛሬ ድንግል የሚመስለው ጫካ አንዳንዱ ያኔ የተተወ ጓሮ ነው። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተስማሙት መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲከፈት የምዕራቡ ቡና በጎሬ በኩል፣ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን መውረድ ጀመረ። ቡና የሚሸጥ ሀብት ሆነ፤ ከፊል የጫካ ቡናም ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌሎች ዘር ለቃሚዎች መጡ። በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሪቻርድ ዋሌይ ከጌሻ አካባቢ የዱር ቡና ዘር እንዲያሰባስብ ተጠየቀ። ዘሩ ወደ ኬንያ ኪታሌ፣ ቀጥሎም ታንጋኒካ ውስጥ ወደነበረው የሊያሙንጉ ጣቢያ ሄደ፤ በ1953 ኮስታሪካ ቱሪያልባ ደረሰ። በ1960ዎቹ የቅጠል ዋግን ስለሚቋቋም ለፓናማ ገበሬዎች ተሰጠ፤ ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ምርቱም አነስተኛ ስለነበር ብዙዎች አልወደዱትም። በ2004 ግን የቦኬቴው የፒተርሰን ቤተሰብ ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበውና አሸነፈ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በጊዜው ያልተሰማ ዋጋ ነበር። የጌሻ ስም በዓለም ሲናኝ፣ ዘሩን ጠብቀው ያቆዩት የደኑ ሰዎች ከዚያ ዝና ያገኙት ነገር አልነበረም። ይህ በቡና ታሪክ ውስጥ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን፣ በ1966 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እነዚሁን ደኖች አሰሱ፤ የሰበሰቡት ዘር በሦስት አህጉራት ተተከለ። በአገር ውስጥ የጅማው መልኮ የምርምር ማዕከል በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ፈተናው አልዘገየም፤ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። መፍትሔው የገበሬው የቆየ ዘዴ ነበር፤ በታመመው ማሳና ጫካ መካከል ጤነኛ የቆመውን ዛፍ ፈልጎ ዘሩን መውሰድ። በ1974 ከተመረጡት እናት ዛፎች 74110 እና 74112 የመሳሰሉ ዝርያዎች ወጡ፤ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለቱም የመጡት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው፤ ዛሬም በሰፊው ይተከላሉ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ የቴፒና ከሚዛን ወደ ደቡብ የሚገኘው የበበቃ እርሻም በመንግሥት ድርጅትነት ተስፋፉ። በነዚህ ሰፋፊ እርሻዎች ወፍ ዘራሽ ቦታ የለውም። ዘር ከተመረጠ ዛፍ ተለቅሞ በመደብ ወይም አፈር በሞላ ፕላስቲክ ይፈላል፤ ችግኙ በዳስ ጥላ ሥር ከርሞ ክረምት ሲገባ በመስመር ይተከላል። የበበቃው እርሻ ኋላ ሆራይዘን ፕላንቴሽን ወደተባለ የግል ኩባንያ ተላልፏል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከሰሜን የመጡ ሠፋሪዎችም የእህል እርሻ ልማዳቸውን ይዘው ደኑን መነጠሩ፤ ብዙዎቹ ግን ውለው አድረው ቡና ተካይ ሆነዋል።

የዱር ቡናን ማቆየት ከሌላ ሰብል ይልቅ ያስቸግራል። ዘሩ በደረቅና በቀዝቃዛ መጋዘን እንደ ስንዴ ለረዥም ዘመን አይቀመጥም፤ የመብቀል ኃይሉን በወራት ውስጥ ያጣል። ስለዚህ ብዝኃነቱ የሚጠበቀው በቆመ ዛፍ ነው፤ በአጋሮ አቅራቢያ በጮጬ እንደሚገኘው የመስክ ዘረ መል ባንክ፣ ወይም እዚያው በደኑ። ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካን በ2012 የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዝግቧል። በከፊል የጫካ ቡና ማሳዎች ግን ምንጣሮው በየዓመቱ ስለሚደገም ከቁጥቋጦው ጋር የትላልቆቹ ዛፎች ችግኝም ይቆረጣል፤ አሮጌው ጥላ ሲወድቅ ተተኪ ያጣል። ከችግኝ ጣቢያ የመጣው ምርጥ ዘርም አጠገቡ ካለው የዱር ቡና ጋር እየተዳቀለ ነው። ለዚህ የሚበጀው በምንጣሮ ጊዜ የዋንዛውንና የብርብራውን ችግኝ ለይቶ መተው፣ ለክፍተት መሙያም ከዚያው ደን የበቀለውን ወፍ ዘራሽ መጠቀም ነው።