ቅቤውን ይዘን መጣን፣ እንዶዱን ረሳነው

 

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደሞዝም ስለ ኢቃማም አይደለም። ስለ ራሳችን ነው፤ ማለቴ ስለ ጭንቅላታችን ቆዳ። ስንገናኝ የማይቀር ወሬ አለ አይደል፦ "ዓረብ ሀገር ከመጣሁ ጀምሮ ራሴን ይበላኛል፣ ፎረፎሩ አልለቅ አለኝ፣ ፀጉሬ አለቀ።" ከዚያ መድኃኒቱ ይዘንባል። አንዷ ቅቤ ትላለች፣ አንዷ የወይራ ዘይት፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ሎሚ። እኔ ያደግኩት ወሎ፣ ቆቦ አካባቢ ነው። ጅዳ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ከየት እንደመጡ፣ እናቶቻችን እንዴት ይጠቀሙባቸው እንደነበር፣ እዚህ ደግሞ ለምን እምቢ እንዳሉን ብዙ ጊዜ ሳነብና ሳጠያይቅ ቆይቻለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ከቅቤ ልጀምር። ፀጉርን ስብ መቀባት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤበርስ ፓፒረስ የሚባል የጥንት ግብፆች የሕክምና ጽሑፍ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ የተጻፈ። ለተመለጠ ራስ የአንበሳ፣ የጉማሬና የአዞ ስብ ቀላቅላችሁ ቀቡ ይላል። የእኛ ቅቤ ከዚያ አይሻልም ትላላችሁ? ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ትግራይ ውስጥ ኖሮ በ1853 መጽሐፍ አሳትሟል። እሱም የሀገሩን ሰው ሹሩባና ቅቤ አይቶ ጽፏል።

ቅቤው ዝም ብሎ ጌጥ አልነበረም። ደጋው ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሹሩባ አንዴ ከተሠራ ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። ቅቤው ፀጉሩ እንዳይሰባበር ይይዘዋል። አደስ የተቀላቀለበት ከሆነ ሽታውም ያምራል። አናት ላይ ይደረግና ፀሐይ እያቀለጠው ይወርዳል፣ ነፋስ ያገኘዋል።

ግን ቅቤ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማጠቢያው ነበር፤ እሱን ነው የረሳነው።

ሱቅ ውስጥ ሳሙና እንደልብ ሳይገኝ በፊት እናቶቻችን እንዶድ ነበራቸው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይሰጣል። ነጠላና ጋቢ በእሱ ነው የሚነጣው። ይሄ እንዶድ የዓለም ታሪክ ውስጥ ገብቷል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ከዚያ ተነሥተው ዕድሜ ልካቸውን እንዶድን አጠኑ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶድ ውስጥ ያለው አንዱ ንጥረ ነገር በስማቸው "ለማቶክሲን" ይባላል። እንግዲህ አስቡት፣ የዚህ ሁሉ መነሻ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። (ማሳሰቢያ፦ እንዶድ ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ያቃጥላል። ከሀገር አስልኩ እያልኩ አይደለም።)

ግራዋም አለ። ጋን የሚታጠብበት መራራ ቅጠል። እሱን አሽተው በውሃው ራስ ያጥባሉ፣ ለፎረፎርና ለሚያሳክክ ቆዳ። ደብተራዎች በእጅ የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍትም አሉ፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የሚባል ሊቅ ሰብስቦ ከ1968 ጀምሮ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳትሟቸዋል። የቅጠላ ቅጠል ነገር ተራ የአሮጊት ወሬ እንዳልሆነ ከዚህም ይታያል።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ ቅጠልም ስብም አይደለም፤ ዓይን ነው። ሹሩባ የምትሠራሽ ሴት ጭኗ ላይ አስተኝታሽ ፀጉርሽን መሥመር በመሥመር ስትከፍል ሁሉን ታያለች። ቅማል ካለ፣ ቅጫም ካለ፣ ላሽ ከጀመረሽ፣ ቁስል ካለ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። "እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?" ትልሻለች። የገዛ ራስሽን አናት አንቺ አታይውም። ሀገር ቤት ግን በየጊዜው የሚያይልሽ ሰው ነበረ።

አሁን ወደዚህ እንምጣ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን ሻሽ እናስራለን፣ እስከ እኩለ ሌሊት አይፈታም። ማዕድ ቤቱ ሙቀት ነው፣ ሳሎኑ ኤሲ ነው፣ ያልበናል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ያልበናል። የምንታጠበው ሥራ ሲያልቅ ነው፣ ከዚያ እርጥቡን ጠቅልለን እንተኛለን። ሐሙስ ማታ ደግሞ በሰው እጅ የተላከችውን ቅቤ እንቀባና አርብ ጠዋት በላዩ ላይ ሻሽ እናስራለን። ፀሐይ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ግራዋ የለ፣ የሚያይልን ሰው የለ። ቅቤው ብቻ ቀረ።

ይሄ ለምን እንደማይሆን ሳይንሱ ይናገራል። ሉዊ ማላሴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1874 ከፎረፎር ውስጥ እንደ እርሾ ያለ ፈንገስ አየ፤ ዛሬ በእሱ ስም "ማላሴዝያ" ይባላል። ሁላችንም ቆዳ ላይ አለ፣ ከማንም አይተላለፍብንም። የሚበላው ስብ ነው። ሙቀት፣ ላብና ስብ ሲያገኝ ይበዛል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሊያበቅሉት ሲፈልጉ የወይራ ዘይት ያፈሱለታል! እኛ ደግሞ ለፎረፎር ብለን የወይራ ዘይት ሞቅ አድርገን እንቀባለን። እየቀለብነው ነው ማለት ነው። ቅባት የሚጠቅመው ለደረቀ ፀጉር ጫፍና በበረኪና ለተሰነጣጠቀ እጅ ነው። ፎረፎር ለያዘው የራስ ቆዳ ግን ማጠቢያ ነው የሚያስፈልገው።

የሚገርማችሁ፣ ማጠቢያው እዚሁም ነበረ። የምሠራበት ቤት ያሉት ሐጃ፣ የማዳም እናት፣ ከአጣር ሱቅ አረንጓዴ ዱቄት ያስመጣሉ። ሲድር ይሉታል። በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፣ አረፋ ይሰጣል፣ ፀጉራቸውን በእሱ እታጠብላቸዋለሁ። ድሮ ሻምፖ ሳይመጣ ሁሉም ሴት በዚህ ነበር የሚታጠበው አሉኝ። ዛፉን በስልክ ሳሳያቸው፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኛው ቁርቁራ! ልጅ ሆነን እሾሁ እየወጋን ፍሬውን የምንለቅመው። ቅጠሉ ሀገር ቤትም እዚህም አንድ ነው፣ ባሕር ነው መሐሉ። ጥቁር አዝሙድም እንደዚያው፣ እነሱ ሐባ ሰውዳ የሚሉት። ሲድር በሽታ ይፈውሳል አልላችሁም፤ ያጥባል። ሰሙንና ላቡን ያነሣል። ለሚደጋገም ፎረፎር ግን ፈንገሱን የሚቀንስ ሻምፖ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ አንዲት እህት ልንገራችሁ። እኛ ሕንፃ ላይ ታች ፎቅ ትሠራ ነበር። ራሷ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ይላጣል። ማዳም ካየች ትመልሰኛለች ብላ አራት ወር በሻሽ ደበቀችው። ቅቤ ቀባች፣ ነጭ ሽንኩርት አሸች፣ አልሻል ሲላት ቅማል መስሏት ነጭ ጋዝ አፈሰሰችበት። ቆዳዋ ተቃጠለ። ማዳሟ ቁስሉን ስታይ "ከሀገርሽ በሽታ ይዘሽ መጣሽብን" ብላ ሳትጠይቃት ፀጉሯን በመኪና ላጨቻት። ያለቀሰችውን እኔ ነኝ የማውቀው። በኋላ የቤቱ ትንሽ ልጅም ራሱ ላይ እንደዚያው ሲወጣበት ሁለቱንም ሐኪም ጋ ወሰዷቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው "ቤት ውስጥ ድመት አለ ወይ?" ብሎ ነው። አለ፤ የምታጥባት ደግሞ እሷ ናት። ጭርት ነበር፣ ከድመቷ የመጣ። በሚዋጥ እንክብል ሁለቱም ዳኑ። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

የስደተኛ ራስ ላይ እንዲህ መፍረድ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1948 በኋላ ባሉት ዓመታት እስራኤል ውስጥ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ጭርት ሲገኝ፣ ፀጉሩ እንዲረግፍ ተብሎ ራሳቸው በኤክስሬይ ጨረር ይመታ ነበር። በዚያን ጊዜ በሌሎች ሀገሮችም የታወቀ ሕክምና ነበር። በ1974 የወጣ ጥናት ግን በጨረር የታከሙት ላይ የራስ ዕጢ መብዛቱን አሳየ፣ በ1994 ደግሞ የካሳ ሕግ ወጣላቸው። ከ1958 ጀምሮ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ለሰው መሰጠት ሲጀምር ጨረሩ ቀረ። የባህል መድኃኒት ብቻ ነው የሚሳሳተው ብለን እንዳናስብ ይሄን ጻፍኩት።

እሺ፣ ታሪኩ ይሄ ከሆነ ምን እናድርግ? ያወቅኩትን ልዘርዝር።

ቅርፊቱ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ራስ፣ ቅንድብና አፍንጫ ጎን ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፎረፎር ነው። ሰይደሊያ ገብታችሁ "ቂሽራ" በሉ፣ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፖ ጠይቁ። በሳምንት ሁለቴ፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ፣ እስከ አራት ሳምንት። ቅቤውን ያኔ ተዉት። ፀጉሩ ሳይደርቅ አትሸፍኑት።

ክብ ሆኖ ፀጉር ከረገፈና ከተላጠ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ሻምፖ ብቻውን አያድነውም። "ፉጥርያት" ይሉታል። ሐኪም ማየትና እንክብል መዋጥ ግድ ነው።

ግንባርና ጆሮ አካባቢ ፀጉሩ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ሹሩባውና ሻሹ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። አላሉት።

ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣት መሐል፣ በአንጓና በሆድ ላይ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በዓረብኛ "ጀረብ" ነው። በ2015ና በ2016 ድርቁ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ በብዙ ወረዳዎች ተዛምቶ ነበር፣ ስለዚህ ማፈሪያ አይደለም፤ መድኃኒት አለው። አብሮ የሚተኛ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማል፣ ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ቅማል ከሆነ "ቀምል" በሉ፣ መድኃኒቱና ቀጭን ማበጠሪያው አለ።

የማታደርጉትን ደግሞ ስሙኝ። ነጭ ጋዝና በረኪና ራስ ላይ በጭራሽ። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚ ተቀብታችሁ ጣራ ላይ ልብስ ለማስጣት ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ቆዳው ይቆስላል፣ ጥቁር ምልክት ይተዋል። እሬት ስትጠቀሙ ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አፍስሱት፣ የሚጠቅመው ነጩ ዝልግልጉ ነው። ስሙ የማይታወቅ የሚያነጣ ክሬም ለሚያሳክክ ቆዳ አትቀቡ፤ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይኑን መልሱት። እናቶቻችን ከቅቤውም ከእንዶዱም ጋር ያወረሱን እሱን ነው። ዕረፍት ያላችሁ ስትገናኙ አንዷ የአንዷን ራስ ትይ። ከቤት የማትወጡ ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሡና ለምታምኗት እህት ላኩ። አራት ወር በሻሽ የተደበቀ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ቢታይ ኖሮ የዚያች ልጅ ራስ አይቃጠልም ነበር።

በየሀገራችሁ እናቶቻችሁ ራስ በምን እንደሚያጥቡ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የጅማ፣ የጎንደር፣ የአርሲ፣ የትግራይ እህቶች። ስሙንም ጻፉት፣ እንዳይጠፋ። ይጠቅማታል ለምትሏት እህት ሼር አድርጉላት።

በሰላም ሠርታችሁ በሰላም ወደ ሀገራችሁ ግቡ። ቸር ያሰማን።