በሐዋሳ ሐይቅ ሥር ስንት ደቂቃ?

አንድ ማለዳ አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ቆሜ ነበር። ከዳር ራቅ ብላ በቆመች ጀልባ ላይ አንድ ወጣት ሥር ላይ የተያዘበትን መረብ ሊያላቅቅ ደረቱን በአየር ሞልቶ ገባ። ጓደኛው ውኃው ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቆጥር ጀመር። አርባ ሳይሞላ ልጁ ብቅ አለ፣ ተነፈሰ፣ ተመልሶ ጠለቀ።

የዳህላክ ዕንቁ አውጪዎችም ለዘመናት የአየር ስንቃቸው ሳንባቸው ብቻ ነበር። ስንቁን ከሳንባ ውጭ ለማኖር በመጀመሪያ የአየርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ግፊት ሲጨምር አየር በዚያው ልክ እንደሚጨመቅ አሳየ። በስሙ የምትጠራዋን ባለጅራት ኮከብ ያስተዋወቀን ኤድመንድ ሃሌይ ደግሞ በ1691 ከባልደረቦቹ ጋር በደወል መሰል ዕቃ ውስጥ ሆኖ ውኃ ውስጥ 18 ሜትር ያህል ወርዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። አየር በበርሜል እየተላከለት ነበር።

ወደኛ ቀጣና ስንመለስ፣ ጣሊያኖች በ1941 ምፅዋን ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቻቸውን ወደቡ ላይ አሰጠሙ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ እነሱን የማንሣቱን ሥራ መራ። የዚያ ዘመን ጠላቂ አየር የሚደርሰው ከላይ በቱቦ ነው፤ መጭመቂያው እስከሠራ ድረስ አለቀብኝ ብሎ አይሰጋም። ስጋቱ የመጣው ከነፃነቱ ጋር ነው። በ1943 ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን አየሩን ጀርባ ላይ አሳዘሉት። የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች ብዙዎቹ የግፊት ጌጅ እንኳ አልነበራቸውም። መተንፈስ ሲከብዳቸው የመጠባበቂያ አየሩን ማንሻ ይስቡና ወደ ላይ ይወጣሉ። ማንሻዋ ሳያውቁት ቀድማ ተስባ ከነበረስ? ያኔ መጠባበቂያው አብሮ ተተንፍሷል።

ዛሬ ሒሳቡ ቀላል ነው። 200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባሩ ለመመለሻ ይቀመጣል፤ 1,800 ሊትር ይቀራል። የተረጋጋ ሰው በውኃው ፊት ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ ይተነፍሳል እንበል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 40 ሊትር ይፈጃል፤ 45 ደቂቃ ይቆያል።

ሐዋሳ ላይ ግን ቁጥሩ ይለወጣል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ ፊቱን የሚጫነው አየር 0.83 ባር አካባቢ ነው። 10 ሜትር ላይ ድምሩ 1.81 ባር፣ ፍጆታው 36 ሊትር፣ ጊዜው 50 ደቂቃ ይሆናል። የጌጁ መርፌ በየደቂቃው 3 ባር ትወርዳለች። የሐይቁ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ሜትር ላይ 32 ደቂቃ ይገኛል፣ ባሕር ውስጥ ቢሆን 30።

አምስት ደቂቃ ተረፈኝ ብሎ ደስ የሚለው ይኖራል። እኔ ግን ይህን ትርፍ አላምነውም። የአምቦ ውኃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚፈላ ሁሉ፣ ሰውነት ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅንም ግፊቱ ድንገት ሲቀንስ አረፋ ይሆናል። ሳይንቲስቱ ሃልዴን ጠላቂ እንዴት ቀስ ብሎ መውጣት እንዳለበት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በ1908 ሲያወጣ ያሰበው ባሕርን ነበር። ከባሕር 10 ሜትር የወጣ ሰው ግፊቱ በግማሽ ይቀንስለታል፤ ከሐዋሳ ሐይቅ የወጣው ግን ከግማሽም በላይ። አየሩ ትንሽ ቆይ ሲለው፣ ሰውነቱ ቶሎ ውጣ ይለዋል። ያው ሰው በዚያው ቀን መኪና ተሳፍሮ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ቢገሰግስ፣ መንገዱ ራሱ ሌላ መውጣት ነው።

አዲስ አበባ ካልኩ አይቀር፣ ይህ ሒሳብ የዕለት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች እዚያ አሉ፤ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች። ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶችና የሞሉ ወንዞች ውስጥ ሰው ፍለጋ ይገባሉ። የደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጌጁን ማንበብ ያስቸግራል። ብርዱ፣ ድካሙና የሚፈለገው ሰው ሐሳብ ትንፋሽን ያፋጥናሉ፤ 20 ሊትር የነበረው 40 ሲሆን የሐዋሳው 50 ደቂቃ 25 ይሆናል። እንዲህ ባለ ውኃ ጠላቂው ከላይ ካለ ባልደረባ ጋር በገመድ ይያያዛል። ባልደረባው አንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ፣ ደቂቃውን ይቆጥርለታል።