ባለሙያ ሲሳሳት ዋሱ ማን ነው?

ብዙዎቻችን ግራናን የምናውቃት በስም ነው፤ የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ሲነሳ። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ነች፤ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ እርሻ የሚጠጣበት ቆላ። እስቲ እዚያ አንድ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ አለ እንበል። ፈታ፣ ገጠመ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ነደደ፤ ሌላ እስኪገኝ ሽንኩርቱ ደረቀ። ማን ይክፈል?

የሕጉ መልስ ካረጀ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ሙያተኛ ሁሉ የሙያውን ደንብ ጠብቆ ይሥራ ይላል። ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ በሚያሳይ ቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰ ኃላፊ ነው። ሐኪምና መሐንዲስ ብቻ አይምሰላችሁ። ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋውም አሠሪው ይጠየቃል። (በጥንቷ ባቢሎን፣ በሐሙራቢ ሕግ፣ ቤቱ ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይገደል ነበር። የኛው በገንዘብ መሆኑ ተመስገን ነው!)

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የሚገርመው፣ በዚያው በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ የኃላፊነት መድንንም አብሮ ደንግጎ ነበር። ዕዳውም መድኃኒቱም በአንድ ዓመት መጡ። ዕዳው ሁሉም ጋ ደረሰ፤ መድኃኒቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ለምን? ኢንሹራንስ አገራችን የገባው ለዕቃ ብሎ ነው እንላለን። በ1898 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ደንበኛው ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው፤ የሚፈራውም የሌላውን ጥፋት እንጂ የራሱን አይደለም። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ በ1943 ተቋቋመ። በ1967 ደርግ ሁሉንም ወረሰ፤ የ13 ኩባንያዎች ሀብትና ዕዳ ተጠቃሎ በ1968 በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆነ። ለግል ኩባንያዎች በሩ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው።

ኢንሹራንስን የሁላችን ያደረገው ደግሞ መኪና ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ኋላም በ799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሆነ። ለሚሽከረከረው ጎማ አዋጅ ወጣለት። ጋራዥ ውስጥ ፍሬኑን ለሚያስረው እጅ ግን አልወጣም! የሙያ ኃላፊነት መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ካልጠየቃችኋቸው ግን ማንም መጥቶ አይነግራችሁም።

ታዲያ የግራናው ጠጋኝ ምን አለው? እድር አለው፤ እድር ለሞት ነው። እቁብ ካለውም ለመነሻ ገንዘብ ነው። የሚቀረው ሽምግልና ነው፦ «ግማሹን አንተ ቻል፣ ግማሹን እሱ ይተውልህ።» ይህን አንንቅም፤ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን ለአንድ ሞተር ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናል። ነገር ግን መድኃኒት ቤቱ የሰጠው የተሳሳተ መድኃኒት ሰው ከጎዳ፣ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ የሌለ ገንዘብ አይፈጥርም።

እኛ ከተሜዎቹስ? «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አቁሜያለሁ፣ ምን አገባኝ» የሚል ጓደኛ አላችሁ? በ1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ብዙዎች ተዝናንተዋል። የተወሰነው ግን ለማኅበሩ ዕዳ ያላችሁ ኃላፊነት ነው። በገዛ እጃችሁ ያጠፋችሁት እናንተኑ ይከተላል፤ ቤታችሁ ድረስ።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ ቀኑን ተመልከቱ። ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት አይከፈልም፤ ይሄ ይገባናል። ብዙዎቹ የሙያ መድን ውሎች ግን የሚከፍሉት ጥያቄው ውሉ በሥራ ላይ እያለ ከቀረበ ነው። ግንበኛ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላስረከበው ሕንፃ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ግድግዳው በሰባተኛው ዓመት ሲሰነጠቅ፣ መድኑን በሦስተኛው ዓመት ያቋረጠ ሰው የሚከፍለው ከኪሱ ነው።