የሰንጠረዥ መክፈቻ፦ ስለ «ወረራ» የተጻፈው ሲመዘን

ሰንጠረዥ በየትኛው መንገድ እንደ ደረሰን ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስ አልፎ፣ በዐረብኛው «ሻጥራንጅ» በኩል መጣ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር የቬኒሱ አሌሳንድሮ ዞርዚ ከመንገደኞች የሰበሰበው ወሬ ያወሳል። ማስረጃው የጨዋታውን በቤተ መንግሥት መኖር ቢያጸናልንም ስለ ሕጉ ግን ከእርሱ ምንም ልናወጣ አይገባም፤ በዚያው ዘመን በኢጣልያ ንግሥቲቱን ኃያል ያደረገው አዲሱ ሕግ ተስፋፍቶ ነበርና፣ ሁለቱ የተጫወቱት በእንግዳው ሕግ ይሁን በባለቤቱ ጽሑፉ አይለይም።

ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ስንወርድ መሬቱ ይጠነክራል። ሄንሪ ሶልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1814 አሳተመ፤ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው የዋልተር ፕላውደን መጽሐፍም በ1868 ወጣ። እነዚህን መንገደኞች ከአገር ውስጥ ትዝታ ጋር ያገናዘበው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ ጥናቱ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታትሟል።

የአገራችን ጨዋታ ልዩ መልክ በመክፈቻው ይታያል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩና የራሳቸውን እየለወጡ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ተራ ይጀመራል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ስሙና ግብሩ የሚጣሉ ይመስላል፤ በወረራ ጊዜ ማንም አይማረክምና፣ የሚፈጸመው ዘመቻ ሳይሆን ክተት ነው።

ምክንያቱን በሰዎቹ ጠባይ ከመፈለግ ይልቅ በጠጠሮቹ አካሄድ መፈለግን እንመርጣለን። በጥንቱ ሕግ ወታደር ምንጊዜም አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ የንጉሡም አማካሪ በማዕዘን ከአንድ ቤት አያልፍም። ሠራዊቱ እስኪገናኝ ብዙ ተራ ይባክናል። የዐረብ ሊቃውንት፣ እነ አስ-ሱሊ፣ ይህን ችግር «ታቢያ» በተባሉ አስቀድሞ በታወቁ አሰላለፎች አቃለሉት፤ የእኛዎቹ ተራን በማንሣት ፈቱት። ለአንድ ችግር የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው፤ ስለዚህ ወረራን ሥርዓት ማጣት አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል።

ጨዋታው ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ጎንደር፣ አያቱ ሲጫወቱ ያየ ወይም በቤቱ አሮጌ የሰንጠረዥ ጨርቅ ያለው አንባቢ ቢኖር፣ የሰማውን ከነተናጋሪው ስምና ከነአገሩ ይጻፍልን።