የቻው የቃና ፊደላት
የቻው የቃና ፊደላት ትውልደ ቻይናዊው የሥነ ልሳን ምሁር ዩዌን ሬን ቻው በ1930 እ.ኤ.አ. ያቀረቧቸው፣ ቃናን፣ ማለትም የቃልን ፍቺ የሚለይ የድምፅ ከፍታንና ዝቅታን፣ በጽሑፍ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በስተቀኝ የቆመው ቀጥ ያለ መስመር የተናጋሪውን የድምፅ ወሰን ከዝቅተኛው 1 እስከ ከፍተኛው 5 ሲከፍል፣ ከግራ መጥቶ የሚገናኘው ጭረት የቃናውን መነሻ፣ አካሄድና መድረሻ ያመለክታል። በማንዳሪን ቻይንኛ «ማ» በ55፣ ማለትም ከደረጃ 5 ተነሥቶ እዚያው 5 ላይ በመድረስ፣ ሳይዋዥቅ ከፍ ብሎ ሲነገር «እናት»፣ በ214 ዝቅ ብሎ ሲነሣ ግን «ፈረስ» ማለት ነው። ሁለት የ214 ቃናዎች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ 35 ስለሚለወጥ፣ ቻው ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ መስመሩ በስተግራ የሚቆም፣ በኅትመት እምብዛም የማይታይ ግልብጥ ቅርጽ አበጁ። ባለቀኝ መስመሮቹ ዛሬ የዓለም አቀፉ የፎነቲክ ፊደል አካል ሲሆኑ፣ አምስት ደረጃ ቃናዎች ላሉት ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው የቤንች ቋንቋም በእጅጉ ይስማማሉ።