ሴሚስተር እንዴት ባሕር ተሻገረ?

ጀርመን የገባሁት እሑድ ቀን ነው። ይህ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ከባቡር ከወረድኩ በኋላ ነበር። እዚያ አገር እሑድ ሱቅ ይዘጋል፤ የማደሪያውን ቁልፍ የሚሰጠው ሰውዬም እቤቱ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮና በርበሬ እንጂ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ሽሮ ደግሞ ያለ ምድጃ ምን ያደርጋል? ያንን ሌሊት አንድ የማላውቀው ናይጄሪያዊ ተማሪ አዝኖልኝ ክፍሉ ወለል ላይ አሳደረኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ስሄድ ቁልፍ ወይም ካርታ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ግን አንድ ወረቀት ነው። «ለርኒንግ አግሪመንት» ይሉታል፤ የትምህርት ስምምነት እንበለው። በዚያ ሴሚስተር የምወስዳቸው ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ይዘረዘሩበትና ሦስት ፊርማ ያርፍበታል፦ የተማሪው፣ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲና የላኪው ዩኒቨርሲቲ። የእኔ ላይ ሁለቱ ነበሩ። ሦስተኛው፣ የአገር ቤቱ፣ «በኋላ ይደርስሃል» ተብሎ ቀርቷል።

ያኔ ነገሩ የቢሮ ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሲቆይ ግን የታሪክ ተማሪ ነኝና ይህ ወረቀት ከየት መጣ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ለመማር ብሎ አገር ማቋረጥ እኮ ጥንታዊ ነገር ነው። ለግማሽ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ብቻ ባሕር ተሻግሮ፣ የተማሩትን አስቆጥሮ ተመልሶ፣ ካቆሙበት መቀጠል ግን በጣም አዲስ ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሮጌው እንነሳ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ መማር የፈለገ አውሮፓዊ ወጣት ከሚመኛቸው ከተሞች አንዷ በሰሜን ጣሊያን የምትገኘው ቦሎኛ ነበረች። የአልፕስን ተራራ አቋርጦ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው አደጋ ብርድና ሽፍታ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ ልማድ አንድ የውጭ አገር ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ቢጠፋ፣ አበዳሪው የዚያን ሰው ያገር ልጅ ፈልጎ ማስከፈል ይችል ነበር። እስቲ አስቡት፦ ለመማር ሄዳችሁ፣ ስሙን እንኳ ሰምታችሁ የማታውቁት ያገራችሁ ሰው በበላው ገንዘብ መጻሕፍታችሁ ሲወረሱ!

ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ ባርባሮሳ በ1150ዎቹ ያወጣው «ሀቢታ» የተባለው ሕግ ይህን ከለከለ። ለትምህርት ሲል የሚጓዝ ሰው በሰላም ይሂድ፣ በሰላም ይቀመጥ፤ በሌላ ሰው ዕዳ ማንም አይያዘው፤ ቢከሰስም በመምህሩ ወይም በጳጳሱ ፊት መዳኘትን ይምረጥ አለ። እንግዶቹ ተማሪዎችም በየአገራቸው ማኅበር አቋቋሙ። ኋላማ እጅግ ከመጠንከራቸው የተነሣ መምህር የሚቀጥሩት እነሱ ሆኑ፤ መምህሩ አርፍዶ ከመጣ ይቀጡት ነበር። (ዛሬ ይህን ሥርዓት መልሱልን የሚል ተማሪ ቢነሣ በግሌ እቃወማለሁ።)

ልብ በሉ፣ ያ ሕግ የጠበቀው የተማሪውን አካልና ንብረት ነው። የተማረው ነገር ስንት ይመዝናል፣ ሌላ ቦታስ ይቆጠርለታል ወይ የሚለው ጥያቄ ውስጥ አልገባም። ያ ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ መጀመሪያ ትምህርት ራሱ እንደ ሸቀጥ በሚመዘን ቁራጭ መከፋፈል ነበረበት።

«ሴሚስተር» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን «የስድስት ወር» ማለት ነው። ክሬዲት የሚባለው ነገር ግን አሜሪካዊ ነው፤ ታሪኩም ያስቃል፤ ምክንያቱም ከጡረታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1905 የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ይሁን ብሎ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ተቋም ወዲያው አንድ ችግር ገጠመው፦ «ኮሌጅ» ማለት ምንድን ነው? ያን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው ሁሉ ኮሌጅ አልነበረማ። ስለዚህ መስፈርት ወጣ፤ ኮሌጅ የሚባለው የተወሰነ መጠን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ተማሪ የሚቀበል ብቻ ነው ተባለ። መጠኑ ደግሞ በሰዓት ተለካ፦ በአንድ የትምህርት ዓይነት 120 የክፍል ሰዓት አንድ ዩኒት ሆነ። ጡረታውን የፈለገ ኮሌጅ ሁሉ መለኪያውን ተቀበለ። በሰዓት የመቁጠሩ ልማድ በኮሌጆቹ ውስጥም ተስፋፋ፤ ዛሬ «ክሬዲት አወር» የምንለው በዚሁ መንገድ ሥር ሰደደ።

ትምህርት በሰዓት ከተቆረጠ ደግሞ ቁራጩን ሌላ ቦታ ወስዶ መማር ይቻላል። ይህን በተግባር የሞከረው ሬይመንድ ኪርክብራይድ የተባለ የፈረንሳይኛ መምህር ነው። ኪርክብራይድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የዘመተ ወታደር ነበር። አገሩ ተመልሶ በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመታቸውን ፈረንሳይ ይማሩ፤ ውጤቱም እዚህ ይቆጠርላቸው፤ አራተኛ ዓመታቸውን ተመልሰው ይጨርሱ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋልተር ሃሊሄን ሐሳቡን ወደደው። ገንዘብ ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ከግለሰቦች ሲለምን ቆየ። ከሰጡት ውስጥ ባለጸጋው ፒየር ዱፖንት ይገኝበታል።

ሐምሌ 7 ቀን 1923 ስምንት ወጣቶች ሮሻምቦ በምትባል መርከብ ከኒው ዮርክ ተነሡ። ኪርክብራይድም አብሯቸው ነበር። ሲደርሱ በቀጥታ ፓሪስ አልከተሙም። መጀመሪያ በምሥራቅ ፈረንሳይ ወደምትገኘው ናንሲ ሄደው በጋውን ቋንቋ ሲማሩ ከረሙ፤ የሚኖሩትም ከፈረንሳይ ቤተሰቦች ጋር ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በክፍል ውስጥ ለሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ማለት ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው እኔ በጀርመንኛ ቀምሼዋለሁ። በመከር ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሶርቦን ተሻገሩ፤ ሶርቦን ደግሞ ከ1919 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች ስለ ፈረንሳይ ሥልጣኔ የሚሰጥ ትምህርት ነበረው።

ዋናው ራስ ምታት ታዲያ ከመርከቡም ከቋንቋውም ይልቅ ቁጥሩ ነበር። የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አወር የሚባል ነገር አያውቅም። ደላዌር ደግሞ ያለ ክሬዲት ማስመረቅ አይችልም። ስለዚህ ትምህርቱን አስቀድሞ መምረጥ፣ ተማሪዎቹን እየተከታተሉ መፈተን፣ ያገኙትንም ወደ አገር ቤት ውጤት መመንዘር የግድ ሆነ። ነገሩን ሳየው የኪርክብራይድ ትልቁ ፈጠራ ጉዞው አይመስለኝም፤ ምንዛሪው ነው። ፕሮግራሙን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ቢቀጥልም በ1948 ቆመ። ሐሳቡን ግን ሌሎች ኮሌጆች ቀድመው ወስደውት ነበር።

በዚያው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ አሜሪካ ከገቡት ወጣት ኢትዮጵያውያን አንዱ መላኩ በያን ናቸው። መጀመሪያ ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። ሐኪም ሆነው የተመለሱት በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ! ልዩነቱን አያችሁት? ስምንቱ አሜሪካውያን ውጭ የተማሩት የሚቆጠርላቸው ዩኒቨርሲቲ እቤታቸው ነበራቸው። የመላኩ አገር ግን ያኔ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ለእሳቸው ትምህርቱ ሙሉ ነው ወይም የለም፤ ቁራጭ ሴሚስተር የሚቀበል አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ብቻም አይበቃም። ሶፊያ ኮራዲ የሮም ልጅ ናት። በ1957 የሕግ ተማሪ ሳለች በፉልብራይት ስኮላርሺፕ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደች፤ ማስተርስ ይዛም ተመለሰች። ሮም በሚገኘው ዩኒቨርሲቲዋ የቀሯትን ፈተናዎች በዚህ ዲግሪ ቁጠሩልኝ ብላ ጠየቀች። አንቆጥርም አሏት፤ ያውም በሰው ፊት አሳፍረው። ለሽርሽር ሄዳ የመጣች አስመሰሏት። የጣሊያኑን ዲግሪ ለመጨረስ አንድ ዓመት ተጨማሪ መማር ነበረባት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ይተወዋል። ኮራዲ ግን አልተወችውም። በኋላ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ አማካሪ ስትሆን፣ ተማሪ ውጭ አገር የወሰደው ትምህርት እንዲቆጠርለት የሚጠይቅ ማስታወሻ በ1969 ጻፈች። ከዚያ በኋላም ዓመታት ሙሉ ሰው ስታሳምን ኖረች። በ1987 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ኤራስመስ የተባለውን ፕሮግራም አጸደቀ። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ሄዱ፤ እስከ ዛሬ በፕሮግራሙ የተሳተፉት ከ15 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ኮራዲንም «ማማ ኤራስመስ» ይሏታል።

ምንዛሪው ግን አሁንም አልተፈታም ነበር፤ የየአገሩ አቆጣጠር የተለያየ ነውና። ስለዚህ በ1989 የአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት በሙከራ ተጀመረ። እኛ የምናውቀው በምህጻሩ «ኢሲቲኤስ» ብለን ነው። አዎ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርስ አውትላይን ላይ ከክሬዲት አወሩ ጎን የሚጻፈው ያው ቁጥር! ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ክሬዲት አወር በዋናነት የሚለካው መምህሩ ፊት የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ነው። ኢሲቲኤስ የሚለካው ጠቅላላ ድካማችሁን ነው፦ ክፍል የገባችሁበትን፣ ያነበባችሁበትን፣ ወረቀት የጻፋችሁበትን፣ ለፈተና ያደራችሁበትን ሁሉ። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት፣ ዓመቱ 60።

እኔም የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ጀርመን የወሰድኩት የታሪክ ጥናት ዘዴ ኮርስ 6 ኢሲቲኤስ ነበር፤ ቢያንስ 150 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ክፍል የምንገባው ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻህን ትፈጋለህ። አገሬ ስመለስ ሬጅስትራር ያለው ባለሙያ የውጤት ወረቀቴን አገላበጠና፣ «ወንድሜ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተምረህ ሦስት ክሬዲት አወር እንዴት ልስጥህ?» አለኝ። ስለ ኢሲቲኤስ ላስረዳው ሞከርኩ። በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ ለርኒንግ አግሪመንቱን ጠየቀኝና ሦስተኛው ፊርማ መኖር የነበረበት ባዶ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በእጁ ባለው መለኪያ ትክክል ነበር።

ኮርሱን እንደገና ወሰድኩት፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ እዚሁ። ሁለተኛ ጊዜ ያገኘሁት ውጤት ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።